ከቤቱ ሥር ያለው ሰውዬ

«ወይዘሮ፣ እንዳይደነግጡ» አለች ልጅቱ በስልክ። «ከቤትዎ ሥር አንድ ሰው ይኖራል።»

«አውቃለሁ» አለች ታንት ክሎቲል።

ስልኩን ድምፁን ለቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። ጆሮዋ ላይ መያዝ አትወድም፣ ጭንቅላቴን ያሞቀኛል ትላለች። እኔ ጎረቤቷ ሸርጣን በባልዲ ይዤላት ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ፣ በሩ ላይ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር። ታንት የምላት አክስቴ ሆና አይደለም፤ እኛ ዘንድ በዕድሜ የገፋች ሴት ሁሉ ታንት ናት፣ የገፋ ወንድ ሁሉ ኖንክ ነው።

«ያውቃሉ?» አለች ልጅቱ። የኢንሹራንስ ልጅ ናት። «ሠራተኛችን መንገድ ላይ ሆኖ ፎቶ አንስቶታል እኮ። ሽማግሌ ነው። ሸሚዝ አልለበሰም። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው።»

«ቴሌቪዥኑን አላያችሁትም?»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ቴሌቪዥንም አለው። ከገባ ቆይቷል?»

«ቤቱ ከተነሳ ጀምሮ።»

«ፖሊስ አልጠሩም?»

«ምን በወጣኝ?»

«ያስቸግራል?»

ታንት ክሎቲል አሰበችበት። ለማታውቀው ሰው እንኳ መዋሸት አትወድም። «ካርታ ሲሸነፍ ብቻ።»

«ስሙንስ ያውቁታል?»

«ኑማ ነው። ባሌ ነው።»

ወረቀቱ እንደገና ተገለጠ። ልጅቱ ስትመለስ የቅድሙ ርኅራኄ ከድምጿ ጠፍቷል። «ሌላ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር» አለች። «ሌላ ሰው ይባረራል። ባል ከሆነ ግን ቤቱ ነው፤ ይኖርበታል ማለት ነው። ሰው የሚኖርበት ከሆነ ደግሞ የቤትዎ ዝቅተኛው ወለል እሱ ነው። ከፍታውን የምንቆጥረው ከዚያ ነው።»

«ቤቴ እኮ ተነስቷል! ምሰሶ ላይ ነው ያለሁት። እዚህ ሆኜ የካህኑን ጣሪያ አያለሁ።»

«ቤትዎ ተነስቷል» አለች ልጅቱ። «ባልዎ ግን አልተነሱም።»

የነገሩን አመጣጥ ልንገራችሁ። ከትልቁ ማዕበል በኋላ ባዩ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ቤቱን ማስነሳት ጀመረ። ባዩ በደጃችን ተኝቶ የሚሄደው ውሃ ነው፤ ባሕሩ ሲቆጣ ግን ተነስቶ እቤት ይገባል። ቤቱ ዝቅ ካለ የጎርፍ ኢንሹራንስ ይወደዳል፣ ከፍ ካለ ይረክሳል። እስከዚህ ድረስ ለሕፃንም ግልጽ ነው። ታንት ክሎቲልና ኖንክ ኑማ ቤቱን ለማስነሳት ከባንክ ተበደሩ። ባንኩ ደግሞ የተበደረ ሰው የጎርፍ ኢንሹራንስ ግድ አለበት አለ። እንግዲህ ኢንሹራንሱን ለማርከስ ብድር ገቡ፤ ብድሩ ስላለባቸው ደግሞ ኢንሹራንሱን መተው አይችሉም። ይህን ያስረዱኝ ቀን ራሴን ሁለት ጊዜ ነቀነቅሁ። የመጀመሪያው ገብቶኛል ለማለት ነው፤ ሁለተኛው ለሐዘን።

አንሺዎቹ መጥተው ከቤቱ ሥር ክሪክ ደርድረው፣ በጣት በጣት ሲያነሱት ታንት ክሎቲል አልወጣም አለች። ባሚያ ጥዳ ነበር፤ ባሚያ ካላማሰሉት ይይዛል። ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አልሆነም። ስለዚህ ቤቱ ከነእሷ ከነድስቱ ተነሳ። ኖንክ ኑማ መሬት ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ያያል። የወጥ ቤቱ መስኮት በጭንቅላቱ ትክክል ሲያልፍ ማማሰያዋን አወዛወዘችለት፤ እሱም ባርኔጣውን አነሳላት። ባቡር የምትሳፈር ነበር የምትመስለው።

ሥራው አልቆ ደረጃ ሲሠራ ሰው ሁሉ ወጣ። ካህኑም መጥቶ ጸበል ረጨ። ኖንክ ኑማ ከወንበሩ ሳይነሳ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች አየና «ለሚወጣው ጥሩ ነው» አለ። አልወጣም። እስከ ዛሬም አልወጣም።

ከቤቱ ሥር ጥላ አለ፣ ነፋስ አለ። መጀመሪያ ወንበሩ ብቻ ነበር። ከዚያ ለቢራው ፍሪጅ አመጣ። ፍሪጅ ካለ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ካርታ አለ፤ ካርታ ሲረዝም ይርባል፣ ምድጃ ገባ። ከዚያ አልጋ። ከዚያ ትንኙ ሲበረታ ጋራዥ የሚያህል በር ያለው ግድግዳ። ይህን የምላችሁ ላማው ብዬ አይደለም። ባዩ ዳር ያለን ሰዎች ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ዕድሜ ልክ በማያልቅ ብድር ቤታችንን አየር ላይ እንሰቅልና፣ ወርደን ከሥሩ እንኖራለን። ላዩን ለገናና ለእንግዳ እናስቀምጠዋለን። የእኔን ቤት ነገር አትጠይቁኝ፤ ዛሬ የምናወራው ስለ ኑማ ነው።

ባልና ሚስቱ ተጣልተው እንዳይመስላችሁ። ምሳውን በባልዲ በገመድ ታወርድለታለች፤ ባዶውን ሳህን ስባ ታወጣለች። ወለሉን በተረከዟ አንዴ ከመታች ምሳ ወረደ ማለት ነው፤ ደጋግማ ከመታች ቴሌቪዥኑን ቀንስ ነው። እሱ በመጥረጊያ እንጨት ከታች ከመታ፣ ሰምቻለሁ ነው። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ከማይሰማሙት ብዙዎቹ ይሻላሉ።

አሁን ግን አዲሱ የኢንሹራንስ ዋጋ መጣ። በየዓመቱ አዲስ የጀልባ ሞተር ገዝቶ ባዩ ውስጥ እንደ መወርወር ነው። ኖንክ ኑማ የሚያጠምደው ሽሪምፕ፣ ያ ትንሹ የባሕር እንስሳ፣ እንደ ድሮው ዋጋ አያወጣም፤ እሱም እንደ ድሮው ለማጥመድ ብዙ አይወጣም። ካልከፈሉ ባንኩ ቤቱን ይወስዳል። ባንኩ ሳይወስደው ከሸጡት ደግሞ መግቢያቸው ባተን ሩዥ ከተማ፣ ልጃቸው ቬርላ ዘንድ ነው። የቬርላ መስኮት የሚያሳየው መኪና ማቆሚያ ነው። ታንት ክሎቲል እዚያ አንድ ሰሞን ከርማ የተመለሰች ቀን፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ባዩ ዳር ሄዳ ቆማ ነበር።

«ሌላ ማርከሻ የለውም?» ብላ ጠየቀች ታንት ክሎቲል የስልኳን ልጅ።

«አለው። ጎርፍ ሲጎዳዎት መጀመሪያ ከኪስዎ የሚችሉት ድርሻ አለ። እሱን ከፍ ካደረጉት ዓመታዊ ክፍያው ዝቅ ይላል።»

«እኔው ራሴ እከፍላለሁ ካልኳችሁ ትቀንሱልኛላችሁ?»

«በከፊል፣ አዎ።»

«ሙሉውን ራሴ እከፍላለሁ ካልኳችሁስ?»

«እሱ ኢንሹራንስ አለመግባት ነው።»

«ዋናው ርካሹ እሱ ነዋ።»

«ባንክዎ አይፈቅድልዎትም» አለች ልጅቱ፣ በትዕግሥት። «ሌላው፣ የውሃ ማሞቂያውና ኤሲው ከታች ከሆኑ ወደ ላይ ይውጡ። የታችኛው ግድግዳ ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ይበጅለት። ዋናው ግን ባልዎ ነው። ከቤት ሥር የሚፈቀደው ሦስት ነገር ነው፤ መኪና ማቆም፣ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ወደ ላይ ማለፍ። መኖር የለም። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከሥር ማንም የማይኖር ከሆነ ከፍታዎ ከላይኛው ወለል ይቆጠራል፣ ዋጋው ይወርዳል። የሚኖር ከሆነ አይወርድም።» ደህና ዋሉ ብላ ዘጋች።

ታንት ክሎቲል ሸርጣኑን ተቀበለችኝ። «ኡርሲን፣ ውረድና ንገረው» አለች። «እኔ ስነግረው ቴሌቪዥኑን ያስጮኸዋል።»

መንገርስ አላስፈለገም። ወለሉ ስስ ነው፣ ሁሉን ሰምቷል። ገና ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ «አልወጣም» አለኝ።

«ለአንድ ሐሙስ ነው፣ ኖንክ።»

«እኔ የት ነው የተወለድኩት?»

«እዚህ ቤት ነዋ።»

«የቱ ክፍል?»

«እኔ ምን አውቄ? አልነበርኩ።»

«እዚች ጋ!» ከወንበሩ ሥር ያለውን መሬት በእግሩ ደቃው። «መኝታ ቤቱ እዚህ ነበር። እኔ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም። ቤቱ ነው ጥሎኝ የሄደው።»

ከላይ ተረከዝ ወረደ። «እኔም አብሬው ሄጃለሁ በለው!»

«ሰምቻለሁ በላት።»

«ሰምቷል!» አልኩ ወደ ጣሪያው።

«መስማቱንማ ሁልጊዜ ይሰማል!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሦስቱን የተፈቀዱ ነገሮች ነገርኩት። አገጩን እያከከ አሰበ። በክርክር አይሸነፍም፤ አንዴ ሥጋ ተከልክሎ ዓሣ በሚፈቀድበት ፆም የካቶሊክ ካህኑን ተከራክሮ፣ አዞም ዓሣ ነው ብሎ አስበልቶታል።

«ዕቃ ነው በላቸው» አለኝ። «ተቀምጫለሁ፣ አላስቸግርም፣ አቧራ ይዣለሁ። ምኔ ነው ከዕቃ የሚያንሰው?»

«ዕቃ ይጠቅማል!» አለ ጣሪያው።

«እሺ፣ አላፊ ነኝ። ወደ ላይ እያለፍኩ ነው።»

«በፒጃማ? ይሄን ሁሉ ዓመት?» አለ ጣሪያው።

«አልቸኮልኩማ።»

«እንግዲህ መኪና ማቆም ነው የቀረው» አልኩ።

«መኪና የለኝም።»

ከዚያ ሁለታችንም አንገታችንን ወደ ባዩ አዞርን። ሣሩ ላይ፣ ተጎታች ላይ የተጫነች የሽሪምፕ ጀልባው ነበረች። ሆደ ሰፊ፣ ነጭ፣ ከፊቷ በቀይ ቀለም ስሟ የተጻፈባት፤ «ክሎቲል»።

«ጀልባ ማቆም መኪና እንደ ማቆም ነው?» አለኝ።

«በጎማ ላይ ከሆነች ማን ይከለክላታል?»

«ሰው ጀልባው ውስጥ ቢቀመጥስ?»

«ጀልባ የተሠራው ለዚያ መሰለኝ።»

ከላይ ታንት ክሎቲል እንዲህ ስትል ሰማናት፣ ለራሷ፣ ግን ጮክ ብላ፤ «ቤትህ ግባ ስለው ኖሬ፣ ሊገባ የተነሳው ሌላዋ ክሎቲል ዘንድ ነው።»

ሥራ ተጀመረ። ጀልባዋን በእኔ መኪና ጎትተን አስገባናት፤ አናቷ ላይ ያለችው ጎጆ ከወለሉ ሥር አላልፍ ስላለች ግማሿ ከቤቱ ሥር፣ ግማሿ ደጅ ከደረጃው ጎን ቀረች። ጠባብ ፍራሽ፣ ትራስና ትንሿን ቴሌቪዥን አስገባን። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከላይ በመስኮት ወርዶ ጎጆዋ ውስጥ ይገባል። ምድጃውን፣ ፍሪጁንና ትልቁን አልጋ በጀልባዋ መረብ መሳቢያ አንድ ባንድ ወደ በረንዳው አወጣናቸው። ፍሪጁ አየር ላይ ሲሽከረከር በሩ ተከፍቶ ቢራው ዘነበ። ኖንክ ኑማ ያን ቀን ብቻ ነው ፊቱ ክፉኛ ሲጠቁር ያየሁት።

የውሃ ማሞቂያውን አወጣነው። ለኤሲውም ምሰሶ ተከልንና ከቤቱ ትይዩ ሰቀልነው። ባዩ ዳር ስትሄዱ ልብ በሉ፤ እኛ እግራችን ጭቃ ውስጥ ነው፣ ዕቃዎቻችን ግን ሰማይ ቤት ገብተዋል።

ቀዳዳው ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። መጋዝ ይዤ ግድግዳው ጋ ስደርስ ታንት ክሎቲል ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ለውሃው መግቢያ ልከፍትለት ነዋ።»

«ኢንሹራንሱ የጎርፍ አይደለም እንዴ?»

«የጎርፍ ነው።»

«ታዲያ ለጎርፍ በር ይከፈትለታል?»

«ውሃው ገብቶ በዚያ በኩል ከወጣ ግድግዳውን አይገፋውም። ግድግዳው ካልተገፋ ምሰሶውን አይጎትተውም። ምሰሶው ከቆመ አንቺ ላይ ሆነሽ ባሚያሽን ታማስያለሽ።»

«ውሃ የማይመልስ ግድግዳ ምን ያደርግልኛል?»

«ትንኝ ይመልሳል።»

«ትንኙ በቀዳዳው አይገባም?»

መጋዙን አስነሳሁት። ወዲህ ሁለት፣ ወዲያ ሁለት ከፈትኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ለአራቱም አበባ ያለው መጋረጃ ሰፍታላቸዋለች። «ጎርፍም ቢሆን እንግዳ ነው» አለችኝ። «ባዶ ቀዳዳ አያይም።» በመጋረጃው መጀመሪያ የገቡት የእኔ ዳክዬዎች ናቸው። በዚህ በኩል ተሰልፈው ገቡ፣ በዚያ በኩል ተሰልፈው ወጡ፣ ወደዱት መሰለኝ እንደገና ዞረው ገቡ።

ረቡዕ ወደ ላይ ስወጣ፣ ታንት ክሎቲል ከታች የወጣውን ትልቅ አልጋ ከራሷ አልጋ አጠገብ አስጠግታ አንሶላ እያነጠፈችለት ነበር። አዲስ አንሶላ ነው፣ የማጠፊያው መስመር አልጠፋም። በመዳፏ ደጋግማ ትደለድለዋለች።

«ለተቆጣጣሪው እንዲታይ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«ማን ያውቃል፣ ኖንክ ራሱ አንድ ቀን ይተኛበት ይሆናል።»

«አይተኛበትም።»

«ግትር ስለሆነ እንጂ...»

«አንተ ልጅ» አለችኝ። መላጣዬን እያየች ነው እንዲህ የምትለኝ። ወደ ወለሉ አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኑማ ማዕበል መሐል ጀልባ አፍ ላይ ቆሞ መረብ ይስባል። ደረጃ ግን ይፈራል። ቤቱ የተነሳ ሰሞን፣ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩ መስሎት ሲሞክር በመስኮት አይቼዋለሁ። ጥቂት ወጣና ወደ ታች አየ። ያን ያህል ትልቅ ሰውዬ፣ ቁጭ ብሎ በመቀመጫው ወረደ።»

«አይቼሃለሁ አላልሽውም?»

«ምን ይረባዋል? ግትር ሲሉት ደስ ይለዋል።» ትራሱን መታ መታ አደረገች። «ስለዚህ ግትር እለዋለሁ።»

ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጣ። ሚስተር ሀስኪን ይባላል፤ ከካንሳስ ነው፣ ከደረቅ አገር። ረጅም መለኪያ እንጨትና ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ይዞ፣ ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። ነጩ ጫማ አሳዘነኝ፤ ከመኪናው ወርዶ ሁለተኛ እርምጃው ላይ ነጭ መሆኑ ቀረ። ግን ትሑት ሰው ነው፤ ጭቃውን ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነበር።

ምሰሶውን ለካ፣ ወለሉን ለካ፣ ኤሲውን ቀና ብሎ አይቶ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ቀዳዳዎቹ ጋ ሲደርስ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አደረገ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መጋረጃ» አልኩ።

«ውሃውን ያግደዋል?»

እኔ ገና ሳልመልስ ዳክዬዎቼ መጡ። በእግሮቹ መሐል አልፈው፣ መጋረጃውን በደረታቸው ገፋ አድርገው አንድ ባንድ ገቡ። ሚስተር ሀስኪን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ዞሮ ሄዶ ቆሞ ጠበቀ። አንድ ባንድ ወጡ። የመጨረሻዋን ዳክዬ እስኪያይ ጠበቀና ጻፈ። «ያልፋል» አለ።

ውስጥ ገባን። ባዶ ነው፣ ተጠርጓል። ሸራ የለበሰች ጀልባ ብቻ። ደስ ብሎት ጎኗን መታ መታ አደረገ፤ ጀልባዋ ኡህ ኡህ ብላ ሳለች።

«ሬዲዮ ነው» አልኩ።

በእርግጥም ከሸራው ሥር የቤዝቦል ወሬ ይሰማ ነበር። ጨዋታው መጨረሻው ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ይጮኻል። እስከዚህ ድረስ ነገራችን ደኅና ሄዷል እላለሁ። ግን የምሳ ሰዓት ነበር። ታንት ክሎቲል ደግሞ ተቆጣጣሪ ቢመጣ፣ ዓለም ቢገለበጥ፣ እጇና እግሯ የለመዱትን ያውቃሉ። ከላይ ተረከዟ አንዴ ወለሉን መታ። ከበረንዳው፣ ጀልባዋ ደጅ በቀረችበት በኩል፣ ባልዲ በገመድ ወረደ፤ እንፋሎት አለው፣ የባሚያውና የሸርጣኑ ሽታ ቤቱን ሞላው። ባልዲው ሸራው ላይ አረፈ። ከሸራው ሥር ፀጉራም እጅ ወጣ፣ ሳህኑን ወሰደ፣ ተመልሶ ማንኪያውን ወሰደ። ከዚያ ከውስጥ የመጥረጊያ እንጨት የጀልባዋን ጣሪያ መታ፤ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው።

ሚስተር ሀስኪን ሰሌዳውን ዝቅ አደረገ። «ጀልባው ምሳ በላ» አለ።

ሸራው ተገለጠና ኖንክ ኑማ ጉንጩ እንደ ሞላ ብቅ አለ። ለክብሩ ሸሚዝ ለብሷል።

«ጌታዬ፣ እዚህ ነው የሚኖሩት?»

«ጀልባዬ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ።»

«ሌሊትስ?»

«ሲመሽ የሌላ ሰው ትሆናለች?»

ሚስተር ሀስኪን ግንባሩን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ሊረዳን እንደፈለገ ያስታውቅ ነበር። «እንግዲያውስ ቀላል ነው» አለ። «አብረን እንውጣ። አልጋዎን ያሳዩኝ፣ እኔም የሚኖሩት ላይ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። ደረጃውን መውጣት ብቻ ነው።»

ኖንክ ኑማ ሳህኑን አስቀመጠ። ወደ እኔ አላየም። ከጀልባዋ ወረደ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ ደረጃው ጋ ሄዶ መደገፊያውን ያዘ። ታንት ክሎቲል ላይ በሩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ የአዲሱ አንሶላ ጫፍ ይታያል።

የመጀመሪያዋን ወጣ። ሁለተኛዋን ወጣ። በኋላ ዝግ አለ። መደገፊያውን የያዘበት እጁ እንደ ዓሣ ሆድ ነጣ። አንድ እግሩን አነሳና የት እንደሚያሳርፈው የጠፋው መሰለ። እኔ ከታች ቆሜ ቤቱን አየሁ፣ ባዩን አየሁ፣ የቬርላን መኪና ማቆሚያ አሰብኩ። ውጣ፣ ኖንክ፣ እባክህ ውጣ፣ እላለሁ በሆዴ።

«የት ነው የምትመጣው አንተ!» ታንት ክሎቲል ነች፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በሚሰማ ድምፅ። «በዚያ ጭቃ ጫማህ! አሁን ነው ወለሉን የጠረግሁት! አንዲት እርምጃ ወዲህ እንዳትል!»

ኖንክ ኑማ ባለበት ቆመ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ እስከ ዛሬ ሳየው ከኖርኩት ሁሉ በላይ ረክቶ፣ «ሰማችሁ?» አለ። «ልወጣ ነበር። አልፈቀደችም።» ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ መደገፊያውን ሳይለቅ።

ሚስተር ሀስኪን መደገፊያውን አየ፣ ላይ ያለችውን ሴት አየ፣ የራሱን ጫማ አየ። ተመልሶ ጀልባዋን ይዞር ጀመር፣ ጎማዎቹን በእግሩ እየነካካ።

«ትንሳፈፋለች?»

«አንተ ሳትወለድ ጀምራ» አለ ኖንክ ኑማ።

«ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነገር ካላት የቤቱ አካል ትሆናለች። የቤቱ አካል ከሆነች ደግሞ ዝቅተኛው ወለል እሷ ናት።» በእንጨቱ ገመዱን ነካ። «ይሄ ተያይዟል።»

ታንት ክሎቲል ገመዱን ከነባልዲው ስባ አወጣችው።

«ይሄም ተያይዟል» አለ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ እያሳየ።

«እሱን ተወው፣ ጨዋታው...» አለ ኖንክ ኑማ። ላይ የሆነ ነገር ተነቀለ። ጀልባዋ ውስጥ ጨዋታውን የሚያወራው ሰው «ኳሷ ከፍ አለች፣ ከፍ አለች፣ ወደ ኋላ...» ብሎ ቀረ።

«ወጣች?» አለ ኖንክ ኑማ፣ ሁላችንንም ተራ በተራ እያየ። «አጥሩን አለፈች ወይስ አላለፈችም?»

ማንም አያውቅም። ሚስተር ሀስኪን እንኳ ማወቅ የፈለገ መሰለኝ።

«ምሳው እንዴት ሊሆን ነው?» አለች ታንት ክሎቲል ከላይ።

«ሰው በእጁ ቢያመላልሰው ማያያዝ አይባልም» አለ ሚስተር ሀስኪን። ሦስቱም እኔን አዩኝ። ደረጃውን ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ስንቴ እንደምወጣ አትጠይቁኝ።

ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። ጮክ ብሎ ነበር የሚጽፈው፤ «ከወለሉ ሥር ያለው፦ ጀልባ።»

«እኔስ?» አለ ኖንክ ኑማ፣ ትንሽ ተከፍቶ።

«ወረቀቱ ስለ ጀልባው ነው የሚጠይቀኝ፣ ጌታዬ። ጀልባው ውስጥ ስላለው አይጠይቀኝም።» ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «ዝቅተኛው ወለል ላይኛው ነው። ዋጋው ይወርዳል።»

ታንት ክሎቲል ወጥ ቤት ገብታ ለሚስተር ሀስኪን አንድ ሳህን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጦ በላ፤ ጫማውን አጠገቡ አውልቆ። በልቶ ሲጨርስ እንጨቱን አንስቶ ወደ መኪናው ሄደ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ። ጀልባዋን አየ፣ ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ በረንዳው ድረስ ዓይኑን ወደ ላይ አነሳ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ወይዘሮ» አለ። «ይሄ ለመዝገብ አይደለም። ውሃው የመጣ ቀን ሰውዬው ምን ይሆናሉ?»

ታንት ክሎቲል በረንዳው ላይ ተደግፋ፣ ከታች ሸራውን ወደ ራሱ የሚስበውን ባሏን አየችው።

«ያን ቀን ከነጀልባው ተንሳፍፎ ደጄ ድረስ ይመጣል» አለች። «ጫማውን ግን ያወልቃል።»